ከቢላዋ በፊት መርፌ

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብብን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ቆም ብሎ ምን እያለ እንደሆነ የሚያስብ ግን ጥቂት ይመስለኛል። ሁለቱም የአንገት እብጠቶች ናቸው። አንዱ ከጉሮሮ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሌላው ከጆሮ ሥር። ተረቱን የፈጠረው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እብጠትና እብጠት አንድ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። አንድ ቢሆንማ ኖሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደረበ ብሎ ባላዘነ ነበር።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ሰነፍ አይደለም። እንቅርት አለ፣ ጆሮ ደግፍ አለ፣ ንፍፊት አለ፣ ዕጢ አለ። የሚምታታው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ነቀርሳ ላይ። ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ቲቢ ማለታችን ነው። አንዱ በስድስት ወር ኪኒን የሚድን የተሕዋስ በሽታ፣ ሌላው በጊዜ ካልደረሱበት የሚገድል የገዛ ሰውነታችን አመፅ። በዝምድና የማይገናኙ ሁለት በሽታዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለክፍል የሚሆን ወሬ ይወጣዋል። ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ግን ይኼው ነገር ሰው ይገድላል። ቲቢ ያለበት ሰው «ነቀርሳ ነው» የሚለውን ሰምቶ፣ አበቃልኝ ብሎ ቤቱ ይተኛል። ካንሰር ያለበት ደግሞ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» ተብሎ ዓመት ይቀመጣል።

ስለ አንገት እብጠት ሲወራ ሁልጊዜ የሚከተል ሌላ ንግግርም አለ። «ብረት አይንካው! ብረት ከነካው ይሰራጫል።» ይኼን የሚለው ያልተማረው ብቻ አይደለም፤ ዲግሪ ያለውም፣ ዲግሪ የሰጠውም ይለዋል። እኔ ይኼን ፍርሃት ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ታሪኩን ሳነብ ያገኘሁት ነገር ስላለ ነው። ዛሬ ሐኪሞች «ኤፍ ኤን ኤ» የሚሉት፣ ከእብጠት ላይ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ የመመርመር ዘዴ፣ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ቦታ ያገኘው «ብረት አይንካው» የሚለውን ፍርሃት በሚጋሩ ሐኪሞች እጅ ነበር። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከብረት በፊት እጅ ነበር። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለብዙ መቶ ዓመታት የአንገት ዕጢው ያበጠበት ሰው ተስፋው ንጉሡ ነበር። ንጉሥ በእጁ ከዳሰሰው ይድናል ተብሎ ስለሚታመን፣ እንግሊዞች በሽታውን «የንጉሥ ደዌ» ይሉታል። ሐኪሞቹ የሚጠሩበት ስክሮፉላ የሚለው የላቲን ስም ደግሞ ከእናት አሳማ የመጣ ነው። አብዛኛው የዕጢ ቲቢ እንደነበረ ዛሬ ይታወቃል። ሼክስፒር በ«ማክቤዝ» ውስጥ አንድ ሐኪም ወደ መድረክ አውጥቶ፣ በሽተኞች የንጉሡን እጅ እየጠበቁ መሆኑን ያናግረዋል። ንጉሥ 2ኛ ቻርልስ ከ1660 እስከ 1685 በነገሠባቸው ዓመታት 90 ሺህ ያህል ሰው እንደዳሰሰ ይነገራል። በ1712 ደግሞ ንግሥት አን ከዳሰሰቻቸው ሕፃናት አንዱ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጆንሰን ማለቴ ነው። የተሰጠውን የወርቅ ሜዳይ ዕድሜውን ሁሉ ከአንገቱ አላወለቀውም። በሽታው ግን በንግሥቲቱ እጅ አልለቀቀውም፤ ጠባሳውን እንደያዘ ኖሮ ሞተ።

ነገሥታቱ አታላዮች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የዕጢ ቲቢ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይከስማል፤ የዳነው ይመሰክራል፣ ያልዳነውን ማን ይቆጥረዋል? እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ንጉሡ እብጠቱን ይዳስሰዋል እንጂ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ቲቢውም፣ ካንሰሩም፣ እንቅርቱም አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው በአንድ እጅ ይባረካሉ።

በአፍሪካ ምድር ደግሞ አንገት የሚዳስስ ሌላ እጅ ነበር፤ ይኼኛው ለማዳን አልተዘረጋም። ሴራሊዮን ውስጥ የሠራ ቶማስ ዊንተርቦተም የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1803 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የእንቅልፍ በሽታ የያዘው ሰው ከአንገቱ ጀርባ ዕጢዎቹ እንደሚያብጡ ጻፈ። ባሪያ ነጋዴዎችም ይኼን ምልክት ያውቁት ነበር። ሊገዙት ያሰቡትን ሰው አንገት ደባብሰው እብጠት ካገኙ ትተውት ይሄዳሉ። ምልክቱ እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት የሚጠራው በሐኪሙ ስም ነው። እንግዲህ የንጉሡም እጅ፣ የነጋዴውም እጅ ይዳስሳል፣ ይፈርዳል፤ እብጠቱን ግን የሚጠይቀው የለም።

ለመጠየቅ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ውስጡ ባዶ የሆነ መርፌ በ1844 ደብሊን ውስጥ ፍራንሲስ ሪንድ የሚባል ሐኪም ተጠቀመበት። በ1853 አሌክሳንደር ውድ ኤድንብራ ላይ፣ ሻርል ፕራቫዝ ሊዮን ላይ የዛሬውን የመሰለ ስሪንጅ ይዘው ብቅ አሉ። መርፌው የተሠራው ግን ለመስጠት ነበር፤ መድኃኒት ወደ ሰውነት ለማስገባት። ገልብጦ ለመቀበያ ማድረግን የሞከሩ የአውሮፓ ሐኪሞች በዚያው ክፍለ ዘመን ቢኖሩም፣ ዘዴው ከጥቂት ሰዎች እጅ ሳይወጣ ቆየ።

የአንገት ዕጢ በመርፌ በግልጽ የተጠየቀው እዚሁ ሰፈራችን፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ከ1900 ጀምሮ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የእንቅልፍ በሽታ ገብቶ ሕዝብ ይፈጅ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ግሬግና ግሬይ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጦር ሐኪሞች በ1904 ያበጠውን የአንገት ዕጢ በስሪንጅ ወግተው፣ የወጣችውን ጠብታ በማይክሮስኮፕ አዩ። ተሕዋሲው እዚያው ሲዋኝ አገኙት። ደም ውስጥ ፈልገው ከሚያጡት ይልቅ ዕጢው ውስጥ ማግኘቱ ይቀል ነበር። ባሪያ ነጋዴው በእጁ የገመተውን መርፌው በዓይን አሳየ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን በጭብጨባ ማለፍ አይቻልም። መልሱ ታወቀ፤ ከዚያስ? መድኃኒት አልነበረም። በ1906 እና በ1907 ዝነኛው ሮበርት ኮኽ፣ የቲቢን ባክቴሪያ በ1882 ያገኘው ሰው፣ በሐይቁ ላይ ባሉት የሴሴ ደሴቶች ሰፍሮ አቶክሲል የሚባል አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ሞከረ። ከታካሚዎቹ መካከል ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ። በቤልጅግ ኮንጎና በሌሎችም ቅኝ ግዛቶች አንገት እየዳሰሱ፣ ዕጢ እየወጉ፣ የተገኘበትን ሰው ከቤተሰቡ ለይቶ ወደ ማግለያ ሰፈር መውሰድ የተለመደ ሥራ ሆነ። መርፌው እውነቱን ተናግሯል፤ እውነቱ ግን ለተወጋው ሰው ምን ፈየደለት? ከመልሱ ኋላ መድኃኒት ከሌለ፣ መጠየቁ ለጠያቂው እንጂ ለተጠያቂው አይጠቅምም። ይኼን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሻገር፤ ከተሕዋሲ ወደ ካንሰርም እንሻገር። በሜሞሪያል ሆስፒታል ሄይስ ማርቲን የሚባል የራስና የአንገት ቀዶ ሐኪም ነበር። ወደ እሱ የሚመጡት በሽተኞች ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ እብጠት ይዘው ነው የሚመጡት፤ የካንሰሩ ሥር ግን ምላስ ላይ፣ ጉሮሮ ውስጥ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሐኪም ምንነቱን ለማወቅ ብሎ እብጠቱን በቢላዋ ይቀደዋል፣ ቁራጭ ያወጣል፣ ይሰፋዋል። ማርቲን ይኼን አጥብቆ ይጠላ ነበር። የተከፈተ የካንሰር ዕጢ አካባቢውን ይበክላል፣ ጠባሳው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ትልቁን ቀዶ ጥገና ያበላሻል ባይ ነው። በ1944 ከባልደረባው ጋር በጻፈው ጽሑፍ ላይ፣ የአንገት ዕጢን ቀድዶ ማየት የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ እርምጃ መሆን አለበት ሲል ተሟግቷል።

እንግዲህ ይኼ ሰው በአማርኛ ቢናገር «ብረት አይንካው» ነበር የሚለው። ግን አንድ ነገር ላይ ከእኛ ይለያል። እኛ «አይንካው» ብለን እንቀመጣለን፤ እሱ «አይነካ፤ ግን መታወቅ አለበት» ብሎ ሌላ መንገድ ፈለገ። ያገኘው መንገድ መርፌ ነው። ቆዳውን ያደነዝዛል፣ ወፍራም መርፌ ይሰዳል፣ በስሪንጅ ይስባል፣ የተሳበውን መስታወት ላይ ይቀባል። በ1930 ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጽሑፍ ላይ ከእሱ ስም ቀጥሎ ኤድዋርድ ኤሊስ የሚል ስም አለ። ኤሊስ ሐኪም አልነበረም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። የተቀባውን ነገር እንዴት አድርቆ፣ እንዴት ቀለም ነክሮ ለዓይን እንደሚያበቃ የሚያውቀው እሱ ነው። በ1933 ደግሞ የሆስፒታሉ ፓቶሎጂስት ፍሬድ ስቱዋርት በዚህ መንገድ የታዩ 2,500 ያህል እብጠቶችን ልምድ አሳተመ። ዘዴው ይሠራል።

ይሠራል ማለት ግን ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ከሜሞሪያል ውጪ ያለው የአሜሪካ ሐኪም ፊቱን አዞረ። ግማሹ «መርፌውም ብረት ነው፣ ካንሰሩን ይዘራዋል» አለ። ፓቶሎጂስቱ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበረው፤ እኔ ቁራጭ ሥጋ ማንበብ ነው የተማርኩት፣ የተበተነ ሴል ሰጥታችሁኝ ምን አድርግ ትሉኛላችሁ? የኒውዮርኩ ሥራ ለብዙ ዓመታት የአንድ ቤት ልማድ ሆኖ ቀረ።

ዘዴውን ያነሱት ከውቅያኖስ ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። በ1950ዎቹ ስቶክሆልም በሚገኘው ራዲየምሄሜት የካንሰር ማዕከል ሲክስተን ፍራንዜን የሚባል የደም በሽታ ሐኪም መርፌውን አቀጠነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች፣ ለክትባት ከምንወጋበት የማይወፍር መርፌ። ስሪንጁን በአንድ እጅ ለመሳብ የሚያስችል እጀታም ተበጀለት፤ በአንዱ እጅ እብጠቱን ይዞ በሌላው መሳብ ተቻለ። እሱና እንደ ዮሴፍ ዛይቼክ ያሉ ባልደረቦቹ የተበተነ ሴል አላስፈራቸውም። የደም ሐኪም ሥራው ምንድን ነው? መስታወት ላይ የተበተነ ሴል ማንበብ አይደለም እንዴ! በሆላንድም ሎፔስ ካርዶዞ በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። መርፌው ሲቀጥን ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ አላስፈለገም፣ ጠባሳውም ቀረ። የ«ይሰራጫል» ክርክርም በተግባር መልስ አገኘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተወግተው ሲታዩ፣ በቀጭን መርፌ ምክንያት ካንሰር ተዘራ የሚባልበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አሜሪካኖቹ የገዛ ቤታቸውን ዘዴ ከስዊድን ተበድረው መለሱት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በአልኮል ይጠርጋል፣ እብጠቱን በሁለት ጣቶቹ ይይዛል፣ መርፌውን ያስገባል፣ ስሪንጁን ስቦ ወዲህ ወዲያ ያመላልሰዋል፣ መሳቡን ለቅቆ ያወጣል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ጠብታዋ መስታወት ላይ ትቀባለች፣ ትደርቃለች ወይም አልኮል ውስጥ ትገባለች፣ ቀለም ትነከራለች። ከዚያ የሚቀረው ማንበብ ነው።

በማንበቡ ላይ እኔም ትንሽ ልናገር፤ የኖርኩበት ሥራ ነው። ተቆርጦ የወጣ ሥጋ እንደ ሙሉ ገጽ ነው፤ መስመሩም፣ አንቀጹም፣ ኅዳጉም አለ። መርፌው የሚያመጣው ግን ከገጹ ላይ የረገፉ ቃላትን ነው። ጥሩ አንባቢ ከቃላቱ ብቻ የሰርግ ዘፈን ይሁን ሙሾ ይለያል። ቲቢ የራሱ ቃላት አሉት፣ ካንሰር የራሱ፣ የተራ ኢንፌክሽን እብጠትም የራሱ። ሁሉንም ግን አይደለም። በታይሮይድ ዕጢ ላይ ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት ዕባጭ ጤነኛ ይሁን ካንሰር የሚለየው ሽፋኑን ጥሶ መውጣት አለመውጣቱ ነው፤ ይኼን ለማየት ገጹ በሙሉ ያስፈልጋል። ሊምፎማ የሚባለውን የዕጢ ካንሰር ዓይነቱን በትክክል ለመወሰንም ብዙ ጊዜ ዕጢው ወጥቶ መታየት አለበት። መልካም ፓቶሎጂስት «ከዚህ በላይ አይነበበኝም» ብሎ ይጽፋል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች በ2007 ቤተዝዳ፣ አሜሪካ ተሰብስበው የታይሮይድ መርፌ ውጤት የሚጻፍበትን ስድስት ደረጃ የተስማሙት፤ ከስድስቱ አንዱ «ናሙናው አይበቃም» የሚል ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሰፈራችን የሁላችንም እናት የሆኑ አንዲት እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አጥብቀው የሚጠመጠሙት ለብርድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲያስተካክሉት አየሁ።

«እማማ፣ ይኼን ነገር ሐኪም አይቶታል?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ብረት አይወድም። ጠበሌን እየጠጣሁ ነው፣ ተወኝ።»

«ጠበሉን ማን ይከለክልዎታል እማማ? ግን ቢላዋ አይደለም እኮ። መርፌ ነው። የወረዳው ነርስ ከምትወጋዎት አይብስም።»

«ነቀርሳ ነው ቢሉኝስ?»

«የትኛው ነቀርሳ እንደሆነ እንጠይቃቸዋለና!»

ያላሳመንኳቸውን ልጃቸው አሳመነቻቸው። ተወጉ። የዕጢ ቲቢ ነበር። ስድስት ወር ኪኒን ዋጡ፤ ነጠላቸውንም እንደ ሰው ጣል አድርገው መልበስ ጀመሩ።

የእማማ ነገር በአገራችን ብርቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሚመዘገበው ቲቢ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ከሳንባ ውጪ ያለው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው የዕጢ ቲቢ ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች ይኼንኑ መርፌ ይዘው ለዓመታት ሠርተውበታል። በ2013 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ከመርፌ ናሙናዎች የተገኙትንም ጨምሮ ከ900 በላይ የቲቢ ባክቴሪያዎችን መረመረ። የአንገት ዕጢ ቲቢ ካልተፈላ ወተት፣ ከከብት ይመጣል የሚለው ጥርጣሬ ስር የሰደደ ነበር። የከብቱ ዓይነት ሆነው የተገኙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወተቱን ማፍላቱ ይቀጥል፤ ግን ዕጢውን የሚያሳብጠው በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው መሆኑ ታወቀ። በዋናነት በኢትዮጵያ የሚገኝ የባክቴሪያ ዝርያም በዚያው ጥናት ውስጥ ተገልጿል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ከዕጢ በመርፌ የተቀዳ ናሙና እንዲመረመር መከረ። ንጉሥ ሲዳስሰው የኖረው በሽታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስሙን ይናገር ጀመር።

አሁን የኡጋንዳውን ነገር አስታውሱልኝ። መልስ ዋጋ የሚኖረው ከኋላው ሕክምና ሲኖር ነው ብለን ነበር። ለቲቢው አለ፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ለካንሰሩ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። ፓቶሎጂስት የሚገኘውም በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው ለመርፌው አንድ ቀን፣ ለውጤቱ ሌላ ቀን፣ ለአልጋ ኪራይ ደግሞ ሦስተኛ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ሕዝቡ ለምን አይመረመርም?» እያልን ሕዝቡን ብቻ ስንወቅስ ግማሹን እውነት እየተውን ነው። ሰው የሚሸሸው መርፌውን ብቻ አይደለም፤ ከመርፌው በኋላ የሚመጣውን ባዶነት ጭምር ነው። መርፌ የያዘ ሐኪም ማሠልጠን፣ ሴል የሚያነብ ዓይን ማፍራት፣ የተነበበውን የሚያክም ቤት መሥራት አንድ ላይ የሚታሰቡ ነገሮች ናቸው።

በእኛ በኩል ያለው ድርሻ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ግን የእኛ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንገታችን ላይ፣ ከጆሯችን ሥር፣ ከመንጋጋችን በታች የወጣ እብጠት ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎት ካልጠፋ፣ በነጠላም በስካርፍም አንሸፍነው። ብረት ከፈራን ፍርሃታችንን ለሐኪሙ እንንገረው፤ እንዲህ የፈራ ሐኪም ከእኛ በፊት ነበር፣ ፍርሃቱም መርፌ አስያዘው። ውጤቱ መጥቶ «ነቀርሳ ነው» ያሉን እንደሆነ ደግሞ፣ ወረቀቱን አጥፈን ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ።

«የትኛው?»